አሳድግልኝ

የሞት ጠረፍ ይሉታል የማልፒካን ዳርቻ፤
እዚያ ፎቶ ቤት አለኝ፣ አንድ ክፍል ብቻ፣
ከዓሣ ጨረታው ጀርባ፣ ጨው የበላው በሯ።
ማክሰኞ ኤርሚታስ መጣች፣ በዝናብ ርሶ ፀጉሯ፤
ከመሐረብ ቋጠሮ ፈታች ቁራጭ ፊልም፤
"ልጄን አሳድግልኝ፤ ለሌላ አልመጣሁም።
ግድግዳው ባዶ ነው፤ ብራይስ እዚያ ይቁም።"

ኅዳር ያስቀረውን ልጅ አሳድግ ስትል እናት፣
እምቢ እንዴት ይባላል፤ ገባሁ ከጨለማው ቤት።

ፊልሟ ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች በጥቂት፤
ባልንጀራው ነው ጀልባ ላይ በኪስ ካሜራ ያነሳት።
በሁለት እጥፍ ሳሳድገው የብራይስ ሳቅ ሞቀ፣
በአምስት ቆመ፣ በአሥር ላላ፣ በሃያ እጥፍ አለቀ፦
ጥርሱ አሸዋ ሆነ፣ ዓይኑ የጥላሸት ብናኝ፤
እኔ በቀረብኩ ቁጥር እሱ እየሸሸ ራቀኝ።
ሌንሱን አላማሁትም፤ ስለት ነበረው በወጉ፤
ትንሽ ጨርቅ ሲወጠር ግን ይሳሳል ድርና ማጉ፤
ጭረትም፣ የእጅ ንዝረትም፣ ከልጁ እኩል አደጉ።

ወዲያው ሐምሌ ትዝ አለኝ፤ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ
በትልቁ የእንጨት ካሜራ ወደቡን ሁሉ ሰብስቤ
ትሪ በሚያህል ፊልም ያስቀረሁበት ማለዳ።
አወጣሁት። ሦስት እጥፍ ይበቃዋል ለግድግዳ።

በአጉሊ መነጽር ሄድኩበት፤ የገመዱን ክር ቆጠርኩት፣
የሰርዲኑን ቅርፊት ከድንጋዩ ለየሁት፣
የጀልባውን ስም ከነቀለሙ ስንጥቅ አነበብኩት።
ብራይስም አለ፤ የሹራቡ ጥልፍ ሁሉ የሚታይ፣
ጭስ ብቻ ከአንገቱ በላይ።
ቅርቡም ሩቁም ይጥራ ብዬ ቀዳዳውን አጥብቤ፣
ብርሃን በጠብታ ሲገባ፣ "ሰከንድ ሙሉ ቁም" አልኩት፤
ማን እንደጠራው እንጃ፣ ዞሮ ሲስቅ አጣሁት።

ሐሙስ ስትመለስ፣ ግድግዳ የሚሞላ አልሰጠኋት።
ያችን ቁራጭ ከወረቀት አጣብቄ፣ በራሷ ልክ አተምኳት፤
ሁለት አውራ ጣት ብታህል ነው። ዓይኑ ግን ዓይን፣ ጥርሱ ጥርስ፤
ሳቁ ሳይለጠጥ፣ ሳይፈርስ።

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ብዙ ቆየች።
"ሲወለድም ትንሽ ነበር" አለች፣
"ስምንት ወሩ ነበር፤ በጥጥ ነው የጠቀለልኩት።"
ሒሳቡን ጠየቀች፤ አልሰማሁም አልኩ።
መሐረቧን ዘረጋች፣
ከመሃሉ አኑራ ቋጠረችው።