ቁስለኛ ቁጥር ስድስት

ሐምሌ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤
ወለሉ ሰም ተቀብቷል፣
ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ተሰቅለዋል፣
ከመስኮቱ ወዲያ የነብራስካ በቆሎ ከሰው ቁመት በልጧል።

ቬርና ይሉኛል፤ የምሳ ቤቱ አብሳይ ነኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ለልጆች ድንች ደፍጥጫለሁ።
ዛሬ ግን ደረቴ ላይ በተለጠፈው ወረቀት
«ቁስለኛ ቁጥር ስድስት» እባላለሁ፤
ጭኔ ላይ ቀይ ቀለም ከሽሮፕ ጋር ፈሶብኝ
ከሳይንስ ክፍል ደጃፍ በጎኔ ተኝቻለሁ።

ዶክተር ሊንድክቪስት ጥግ ይዛ ቆማለች፣
አንገቷ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥላለች።
ትናንት ጂምናዚየሙ ውስጥ ሰብስባን
«ጀግንነት ልለካ አልመጣሁም» አለችን፤
«እኔ የምለካው ደቂቃን ነው።
ሰው የሚሞተው በጥይት ብቻ አይደለም፣
በመጠበቅም ነው።»
ከዚያ ያለፉትን ቀኖች፣ ያለፉትን ኮሪደሮች
አንድ በአንድ በቁጥር አነበበች፦
ስንቱ በር ተቆልፎ ሰው አተረፈ፣
ስንቱ ደም በጎረቤት መዳፍ ታፍኖ ቆመ፣
ስንቱ ከውጭ ትእዛዝ ሲጠበቅ አለፈ።
የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤
እዚህ ግን የሚያፈሰው የዘገየው ነው፣
የሚለቀምም የለው።
ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።
የያዘችው ወረቀት ግን ተንቀጠቀጠ።

ፊሽካ።
ከዚያ የተኩስ ድምፅ።
ባዶ ጥይት መሆኑን ጆሮዬ ያውቃል፣ ሆዴ አያውቅም።

ኮልተን ቬሴሊ መጣ፣ የሸሪፉ አዲስ ምክትል፣
ጠመንጃው ሰማያዊ ላስቲክ፣ ጫማው ገና ያልተለመደ።
አንደኛ ክፍል ሳለ
ሁለተኛ ወተት የምደብቅለት ልጅ።
የተማረው ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ተኳሹ፤
የወደቀውን ተሻገረው፣ እስክትመለስ።
እኔም የተሰጠኝን ጮኽኩ፦ «እባክህ! እግሬን!»
ቆመ። ጎንበስ አለ።
«ይቅርታ፣ ሚስ ቬርና» አለ።

ፊሽካ።
«ሞተሃል» አለው አሠልጣኙ፣
«እሷም ሞታለች፤ ከበሩ ወዲያ ያሉትም።
እንደገና።»
እንደገና። ዓይኑ እኔ ላይ ቀረ፣ እግሩ ተወላገደ።
እንደገና።

በአራተኛው የጫማው ሶል በፊቴ ላይ አለፈ፣
እንደ ጉቶ፣ እንደ ጅረት ድንጋይ ተሻገረኝ፣
ጩኸቴን እየሰማ እንዳልሰማ አለፈኝ።
ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ?
ሁለቱም ባንድ ጉሮሮ ተናነቁኝ።

ከውስጥ «አበቃ!» የሚል ድምፅ፤
ከዚያ ወደኔ የሚሮጥ እግር፣
ወለሉን የመታ ጉልበት፣
ከጭኔ በላይ ማሰሪያውን ሲያዞረው፣ ሲያጠብቀው፣ ሲያዞረው።
«ያማል!» አልኩት።
ይህን ማንም አልጻፈልኝም፤ ከምር አመመኝ።
«ማመም አለበት» አለኝ፣ እጁን ሳይለቅ፤
በጥቁር እስክሪብቶ ቆዳዬ ላይ ሰዓቱን ጻፈ፦
10:47።

ከቀትር በኋላ ተራው የኛ ሆነ፦
የአውቶቡሱ ሹፌር ኦርቪል፣ የቤተ መጻሕፍቷ ሚስስ ታክ፣
ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ ፓስተር፣
ላስቲክ ቁስል ውስጥ ፎጣ ስንጠቀጥቅ፣
በክብደታችን ስንጫን፣ ከፍቶ ማምለጥን፣ ዘግቶ መደበቅን ስንማር።
«ጣቴ ወፍራም ነው» አለ ኦርቪል።
«ጥሩ ነው» አለችው ዶክተሯ፤ «ወፍራም ጣት ይጠቅመናል።»
ከዚያ ዞር ብላ ጠየቀች፦
«የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ከውስጥ ይቆለፋል?»
ዝም።
ጽዳት ሠራተኛው ቆቡን አወለቀ፦
«ከውጭ ብቻ። ቁልፉ ቢሮ ነው።»
እሷም ጻፈችው። የእስክሪብቶዋ ድምፅ ተሰማ።

ማታ ገላዬን ስታጠብ ቀዩ ቀለም በውሃ ሄደ፤
ጽሑፉ ግን፣ ሳሙናው ቢመላለስበትም፣ አልለቅ አለ።
10:47።
ተውኩት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ትምህርት ይከፈታል።
ቁልፍ ሠሪው ማክሰኞ እመጣለሁ ብሏል።
ዛሬ ዓርብ ነው።
ቆጠርኩ።