ግሡ ከኋላ

ከሌሊት ፈረቃ ስገባ ከሆስፒታል፣
ያፌት ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ግሥ ሲያወርድ ያነጋል።
ከትምህርት ቤት ወጥቶ ይኸው ሁለት ክረምት፤
ደወል አይነዳውም፣ የኔታም የለበት፤
ከቼስተር ገበያ የላቲን ሰዋስው ገዝቶ
አንዱን ገጽ ያላምጣል ሳምንት አብሮት ሰንብቶ።
እኔማ ላቲኑን የማውቀው በብልቃጥ፣
መድኃኒት ስቆጥር፣ ለሕመምተኛ ስሰጥ።

ዛሬ ግን ካፖርቴ ገና እያንጠባጠበ
ደጃፍ ላይ አስቁሞኝ ቃል በቃል አነበበ፦
«ልጅቱ... ለመርከበኛው... ጽጌረዳ...»
«ምን አደረገች?» አልኩ።
«ታገሺ እንጂ እማ!
ግሡ ኋላ ነው የሚመጣ፣ እንዳንቺው ቋንቋ፣ ስሚማ፦
ትሰጣለች።»

እንግሊዝኛ ብቻ ሲመልስልኝ የኖረው ልጅ
ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ በእኔው ቋንቋ ጀመረ፦
«ሻይ... ላንቺ...»
ታገሥኩ።
«ቀዳሁ።»