የሜትሩ ሌላ ጫፍ

"ዜሮውን ያዝ" አለኝ ቀያሹ ልሳኑ፣
ሜትሩ ተዘረጋ በገብሱ ጎን ጎኑ።
ማለዳ ነው ገና፤ ውርጩም አልቀለጠ፣
የብረት ጥብጣቡ ጣቴን እየላጠ።
አቶ ወንድይፍራው በርኖስ ደራርበው፣
ካቡ ላይ ተቀምጠው፣ ምርኩዝ ተደግፈው፣
ሲያዩን፣ ሲያዩን ቆዩና፣
"ዜሮው የት ነው ልጄ? ከየት ይነሳል ምድሩ?"
እኔም አልመለስኩም፤ መልስ የለው ሜትሩ።

ከውኃ ልጀምር? በሬሳ ይኸው ታች፣
ልብስ አጣቢዎቿን ድንጋይ ላይ ትታ ትሄዳለች፤
ጀማን ልታገኘው፣ ከጀማም ወዲያ ዓባይ፣
የሽማግሌውን አፈር ልትሸጥ፣ ሰው ሳያይ።
ወደ ምሥራቅ ደግሞ፣ ጥቂት ሰዓት ቢሄዱ፣
ከጣርማ በር ወዲያ ይወድቃል መንገዱ።
እዚያ አፋፉ ላይ፣ ደመና ሲቀመጥ፣
አንዲት ጠብታ ዝናብ ለሁለት ስትቆረጥ፣
አንደኛዋ እህት ዓባይን ይዛ ባሕር ትደርሳለች፣
ሌላዋ በአዋሽ ወርዳ አሸዋ ውስጥ ታልቃለች።
ታዲያ ዜሮው የት ነው? ከመለያየቷ?
ወይስ አንድ ደመና ከነበረች ዕለቷ?

ከስሙ ልጀምር? "ብርሃን ወረደ" ይላሉ "በሌሊት፣
ንጉሥ አይቶ ሠራ ደብሩን ለምልክት።"
ይሁን። ብርሃኑን አልክድም፣ ስም ሆኖ ቀርቶናል፤
ግን በዚያው ሌሊት መቼም ውርጭ ጥሏል፤
መቼም አንድ ገበሬ፣ ባቄላው እንዳይመታ፣
እሳት ለኩሶ አድሯል፣ ሰማዩን ሲያይ ማታ።
ደመና ነበረ ሰውየው የለመነው፤
ጥርት ያለ ሰማይ ለገብስ ጠላት ነው።
ለብርሃኑ ደብር፣ ለንጉሡ ዜና፣
ስለ እሱ ብራና የዳመጠ የለና።

ዙፋኑም ተነሳ፤ ዙፋን እግር አለው።
ገብስ ምን እግር አለው፣ ከነበረበት ነው።
አቶ ወንድይፍራው "የዚህ ካብ ድንጋይ
ከቤተ መንግሥቱ ነው" ይላሉ።
እንዲህ የማይባል ካብ በዚህ አገር የለም፤
እኔም አልከራከር፣ ድንጋይ አይናገርም።

ደግሞ መንገድ መጣ፣ ጣልያን ተራራ በስቶ፣
የደሴ መኪና ከዋሻው ጨለማ ወጥቶ፣
ሾፌሩ ሻይ ይዞ፣ ጣቱ ተኮራምቶ፣
"ሰው ይኖራል እዚህ?" አለ፤
ሻዩንም ሳይጨርስ ሄደ።

የሚኖር ሰው ነበር። እናቴ ነበረች።
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ቆመች፣
ከመንዝ በግ ጸጉር ጋር፣ ከማበጠሪያው ሥር፣
ሀገር ስታለብስ፣ ሳሏን ስትቋጥር።
ፈረቃ ስትወጣ ጠረኗ የበግ ነው፤
ከተማ ነን አልን እንጂ ልብሳችን በረት ነው።

"አፈር እናቃጥል ነበር" አሉኝ ሽማግሌው፣
"ጓይ እንለዋለን። ጭሱ ሳምንት ሙሉ ሜዳ ላይ ሚተኛው።
አንድ ሁለት ዓመት ገብስ ትሰጥሃለች፣ ከልቧ፤
ከዚያ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ታርፋለች መሬቷ።
እኛ ባናርፍ፣ እሷ።"

ልሳኑ ችካል መታ፣ ጫፉን ቀይ ቀባው፣
አርባ ሦስት ብሎ ጻፈ፣ ቀለሙን እፍ አለው።
"ምን ሊሠራበት ነው?" አሉ ወንድይፍራው።
"ፋብሪካ ነው አባቴ። ብቅል የሚያወጣው።"
"ብቅል?"
"አዎ፣ ከገብስ። ካገር ውስጥ ገብስ ነው።"
"ገብሱስ ከየት ይምጣ?"
ልሳኑ ወረቀቱን ገለጠ፣ ደግሞም ገለበጠ፣
ከፊትም ከኋላም መልስ ያለው አልመሰለም።

ያኔ ተነሱና ምርኩዛቸውን ለኔ ሰጡኝ፣
ዜሮውን ከጣቴ ቀስ አድርገው ወሰዱኝ፣
ገቡ ወደ ገብሱ፤ በሁለት እጃቸው
ዛላውን ከፈሉ፣ እንዳይሰብር እግራቸው።
"እዚህ ጋ?" አለ ልሳኑ።
"ገና ነው።"
"እዚህስ?"
"ገና ነው፣ ልጄ።"
ሃምሳው ሜትር አለቀ፣ ጥቅሉ ተወጠረ፤
እሳቸው ይጎትታሉ፣ በበሬሳ በኩል።
ፀሐይዋ ጠባሴን አልፋ እኛ ጋ ደርሳ ነበረ፣
ውርጩ ለቀቀና
ገብሱ መንጠባጠብ ጀመረ።