ተነሺ

ቢሮዬ ፒያሳ ነው፣ ከመድኃኒት ቤቱ ላይ፤
ሃያ አራት ደረጃ፤ ስሜ በር ላይ የሚታይ፦
«እንድሪስ አራጋው፣ የተግባቦት አማካሪ»፤
ሰፈሩ ግን አሳጥሮ ይለኛል «ቃል ቸርቻሪ»።

ውሃ ወር ሲጠፋ «የመስመር ማሻሻያ»፣
መብራት ሲቆራረጥ «የኃይል ማደላደያ»፣
ሕዝብ ተቆጥቶ ሲወጣ «ግብዓት ተሰብስቧል»፣
ወንበር ብቻ ሲቀር «ውይይቱ ተጠናቋል»።
ሐሰት ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።
እውነትን ጠርዝ ጠርዟን መሞረድ ነው የኔ፣
ለሹም ጉሮሮ እንድትመች።

ባለፈው ሐምሌ ላይ፣ ጉም ሲወርድ ከጦሳ፣
አንድ ደንበኛ መጣ፣ ባለ ጥቁር ቦርሳ።
«ኮምቦልቻ ዳር ነው፣ ከቦርከና ማዶ፣
መጋዘን ሊቆም ነው፣ አርባ ቤት ተንዶ፤
መናድ ግን አትበል» አለኝ።
«ካሳው ተሰልቷል። የቀረን ቃል ነው።»

ሦስት ሌሊት አሰብኩ።
«ተፈናቃይ» ደም ይሸታል።
«ተዘዋዋሪ» ያልኩ እንደሆነ እስረኛ ይመስላል።
በመጨረሻ ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ አገኘሁት፣
አቧራውን አራግፌ፦ «የልማት ተነሺ»።
ገፊ የለበት፣ ተገፊ የለበት፤
ሰውየው ጠግቦ፣ መርቆ፣
ከማዕድ በራሱ ጉልበት የተነሣ ይመስላል።
ባለ ቀለም አሳተምኩት፤ ሽፋኑ ላይ አደይ አበባ።

ሀረጎን በኪራይ ሚኒባስ ወረድን፤
ጥምዝምዙ ላይ ጆሮዬ ድፍን አለ፣
ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬቴን አወለቅኩ።
ስብሰባው ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ነበር፤
ሽማግሌዎቹ በልጅ ዴስክ ተጣበው፣
ሰሌዳው ላይ ያልጠፋ የማባዛት ሰንጠረዥ።
ተናገርኩ። ጥሩ ተናገርኩ።

ከኋላ ወይዘሮ መሬማ ኢብሬ፣
ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞረው፣
የልጅ ልጃቸው በጣቱ እየተከተለ ያነብላቸዋል፦
«የ… ል… ማ… ት… ተ… ነ… ሺ።»
ዴስኩን ተደግፈው ቀስ ብለው ቆሙ።
«ይኸው ተነሣሁ» አሉ። «ከዚያስ?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሙያ ነው።
እሳቸው አልሳቁም።
«ተነሺ ይለኝ የነበረ ባሌ ነው፣ አላህ ይዘንለት፣
ላሟ በሌሊት ስታምጥ።
ተነሺ ያለችኝ አዋላጅ ናት፣ ሰባት ጊዜ።
ሁሉም ስሜን ጠርተው ነው።
አንተ ስሜን ሳታውቅ በወረቀት ላክብኝ፤
እሺ፣ ደረሰኝ።
አሁን ቁጭ በይ የሚለው ገጽ የቱ ነው?»

ብሮሹሩን ገለበጥኩ።
ከጀርባው ስልክ ቁጥሬ ነበር።

ማታ ሪፖርት ጻፍኩ፦
«ተሳታፊዎች ለቃላት አጠቃቀም ትኩረት ሰጥተዋል።»
ደንበኛዬ «ቀይረው» አለ። ቀየርኩት፤ «ተሸጋጋሪ»፣
ማንንም ስሙን ጠርቶ የማያዝ ቃል።
ደረሰኝ ላይ ጻፍኩ፦ «ለአንድ ቃል ለውጥ»።
ሳይከራከር ከፈለኝ።

ዛሬ ንጋት ላይ ራህመት ብርድ ልብሱን ስባ
«ተነስ!» አለችኝ።
በእንቅልፍ ልቤ «ካሳው ስንት ነው?» አልኳት።
«የምን ካሳ? ውሃ መጥቷል፤ ጀሪካን ያዝ!»
ጓሮ ወጣሁ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል።
ቧንቧው መጀመሪያ ሳለ፣
ቀጥሎ ነፋስ አወጣ፣
ቀጥሎ ቀይ ጭቃ፤
እኔ ጀሪካኑን ይዤ፣ አጎንብሼ፣
እስኪጠራ እጠብቃለሁ።