ከአሥራ ስምንት አንድ

በፓራቾ ከዶሮ በፊት መጋዝ ይጮኻል፤
የአባቴን ጆሮ ግማሹን እሱ በልቶታል፤
ቀሪውን ዕድሜ ወስዶታል።

አሁን ክሬሴንሲዮ እንጨትን በጥርሱ ነው የሚሰማ፤
የዝግባውን ገበታ ጠርዝ ነክሶ፣ ከዓይኑ ሽፋን ጨለማ
ገብቶ፣ በአውራ ጣቱ ሲያንኳኳ
አጥንት ለአጥንት ይነግራል፤ እንጨት ዲዳ አይደለም ለካ።

እኔ ሆቪታ በዓይኔ ነው፤ ሰጋቱራ ነፍቼ
ገበታው ላይ እበትናለሁ፤ የቫዮሊን ደጋን በጠርዙ ጎትቼ።
ብናኙ ከሚንቀጠቀጠው ሸሽቶ ጸጥ ባለው መስመር ያርፋል፤
እንደ ገበያ ሰው፣ ጠብ ሲነሣ ዳር ዳሩን ይሰለፋል።

የጎኑን ስስ እንጨት በጋለ ቧንቧ ላይ አጎብጣለሁ፤
ውኃ ካነሰው ይሰነጠቃል፤ ስንቱን አቃጥያለሁ!
ክር ብቻውን ያንሾካሹካል፤ የሚያስጮኸው ባዶ ሆድ ነው፤
የጠገበ ጊታር የለም፤ ቢኖርስ የሚሰማው ማነው?

ሙያው እንዲህ ወረደ፦ ጥንት አንድ ጳጳስ መጥተው አሉ፣
ለዚያ መንደር መዳብ፣ ለዚህ መንደር እንጨት ሲያድሉ፣
መርከብ ያመጣው ሣጥን ነበር፣ አራት ጥንድ ክር የታጠቀ፤
የእኛ ሰው ገልብጦ አየው፤ ፈታው፤ አወቀ።
ክሩ ያኔ የበግ አንጀት ነበር፤
አንጀት መብላቱን አልተወም፣ በናይለን እንኳ ቢቀየር።

ደግሞ አንድ ዘንግ ወረስን፣ የአንገቱን መለኪያ፦
ክሩን ለአሥራ ስምንት ክፈል፤ አንዷ ናት የመጀመሪያ
ደረጃ። የቀረውን እንደገና ለአሥራ ስምንት፤ እንዲያ እንዲያ
እያለ እርምጃው ይጠባል፣ እንደ ሽማግሌ በዳገት።
ቁጥሩ ግን ትንሽ ይዋሻል፤ በየደረጃው የጠብታ ስሕተት።

ከጓዳላሃራ የመጣ ገዥ ስልኩን ደቅኖ ለካና
«አሥራ ሁለተኛው ላይ ይወርዳል» አለኝ፤ «ሳምንት ልምጣና…»
አባቴ አልሰማም።
እሰየው አልኩ፤ አልነገርኩትም።

ሌሊት ቢላዋ አግዬ የድልድዩን ሙጫ ፈታሁ፤
ድንበር እንደሚገፋ ጎረቤት ኮቴዬን አጠፋሁ፤
ሁለት ሚሊሜትር ወደ ክቡ አፍ ገፋሁ።

ጠዋት አነሣው። የራሱን ጫፍ በጥርሱ ያዘ።
መታው። እንደገና መታው፤ ፊቱ ደነዘዘ።
«ስንት ገፋሽው?»
ሁለት ጣቴን ቀሰርኩ።
«አንድ ተኩል ይበቃው ነበር» ብሎ፣
ቢላዋውን ምድጃ ከተተው።