ሐዲድ ያልወጣው ዳገት

ከኤረር ተሳፈርን፣ በማለዳው ሊቶሪና፤
ጋሽ ዱባለ በመስኮቱ አንገቱን አወጣና፣
«እዚች ኩርባ ላይ ነው ግመል የገጨሁት፣
ካሣውን ከደመወዝ ዓመት የከፈልሁት።»

ሠላሳ ዓመት ነድቷል፣ ጅቡቲ ወርዶ ሲመለስ፤
ሐረር ግን አንድም ቀን፣ እግሩ ሳይደርስ።
«ባቡር የፈራውን ዳገት እኔ ማን ነኝና ልውጣ?»
ይል ነበር። ከዚያ ጡረታው መጣ።

ድሬ ላይ ተለያየን፤
ሐዲዱ ወደ ባሕሩ፣ እኛ ወደ ዳገቱ።
ደንገጎ ላይ ሚኒባሱ አቃሰተ፣ ነደደ አንጀቱ፤
በባዶ አየር ላይ የጋሽ ዱባለ እጅ ፍሬን ይፈልጋል፣
«አየህ? ባቡር ሞኝ አይደለም» ይላል፣ ያልበዋል።

ጀጎል ገባን።
መኪና ግርግር፤ ሰፊ ከሰፊ ትከሻ ገጥሞ፣
አንዱ ሲንጀር ሲያርፍ ሌላው ተቀብሎት ቀድሞ፣
ተከ-ተክ፣ ተከ-ተክ፣ ከግድግዳ ግድግዳ።
ጋሽ ዱባለ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ፣ እንደ እንግዳ።
«አቦ ዝም በል!» አለኝ፣ ምንም ሳልናገር፤
«ይሄ ከሁርሶ ወዲህ ያለው ሜዳ ነው፣ ሲገሰግስ ባቡር።»

ልብስ ሰፊው ረምዚ ቀና አለ፣ እግሩን ከፔዳሉ አንስቶ፤
«አባባ፣ ምን ልስፋልህ?» ሜትሩን ከአንገቱ ጎትቶ።

«ምንም» አለ ሽማግሌው፤
«ብቻ አታቁመው።»