የማዳመጫ ዘንግ

ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ከውሃና ፍሳሽ ቤት፣
ሥራዬ መስማት ነበር፤ ከተማው ሲተኛ፣ ሌሊት።
የብረቷን ዘንግ ጫፍ ከድንጋዩ ገትሬ፣
ሌላኛውን ጫፏን ለጆሮዬ ገብሬ፣
ከአውቶፓርኮ ቁልቁል፣ ከቀሃ ወዲያ፣ እስከ አዘዞ መውጫ
ዶማ ሳላነሣ እነግራቸው ነበር የውሃውን ማምለጫ።
ሽሽሽ ካለ ስንጥቅ ነው፤ ጠብ ጠብ ካለ የላላ ማሰሪያ፤
ዝም ካለ፣ ወይ ውሃ የለም፣ ወይ ተደፍኗል ከወዲያ።
ጎንደሬ ያውቀዋል ይህን ዝምታ፣
ጀሪካኑን ደርድሮ ሲጠብቅ ማታ ማታ።

አሁን ተራው የእኔ ሆነ።
ዳገቱ ላይ ደረቴን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ፤
ባጃጅ ነጂው ልጅ ነው ደግፎ ሆስፒታል ያደረሰኝ።

ጠረጴዛው ጠባብ ነው፤ ክፍሉ ይበርዳል እንደ ደባርቅ ጧት፤
በእጄ አንጓ በኩል ክር የምታህል ሽቦ አስገቧት።
አልተኛሁም። ማደንዘዣው አንጓዬን ብቻ ነው ያስተኛው፤
ዐይኔ ከስክሪኑ ላይ ነው፣ ልቤን እዚያ ነው የማየው።

መጀመሪያ ቀለም ረጩ። ደም ሥሬ ወንዝ ሆኖ ታየ፤
እንደ ቀሃ በበጋ፣ መሐል ላይ ሰለለ፣ ተለያየ።
“ይኼ ጥላ ነው፣” አለች ዶክተር ባንቺአምላክ፣ “የውጭ መልክ፤
ግድግዳውን አይነግረንም። ድምፅ እንላክ።”

ድምፅ አለች! ከአልጋው ልነሣ ትንሽ ነው የቀረኝ።
“ጆሮ የማይሰማው ነው፣” ብላ አስረዳችኝ፤
ከሽቦዋ ጫፍ ወጥቶ፣ ግድግዳ ነክቶ የሚመለስ፣
በመመለሻው ልክ ሥዕል የሚሆን፣ በደም መሐል የሚዳብስ።

ክብ ታየኝ፤ የጉድጓድ አፍ ከላይ ሲያዩት እንደሚመስለው።
ከአንድ ጎኑ ነጭ ነገር ያበራል። “ካልሲየም ነው፤ ኖራ በለው።”
ኖራማ አውቃለሁ! የፋሲል ግንብ የቆመው በእሱ አይደል?
ስንት ክረምት ወርዶበት ዝናብ ያልፈታው ውል።
እኔ ደረት ውስጥ ማን ሊነግሥ ነው ግንብ የሚገነባ?
ፊኛው ሲነፋ ተሰነጠቀ፤ የሽቦ መረቧም፣ ስቴንቷ፣ ገባ።

እንደገና ቀለም ረጩ፤ ወንዙ ሞላ፣ ደለበ።
“እሰይ!” አለ ረዳቷ፤ ጓንቱን ሊያወልቅ አሰበ።
“ቆይ፣” አለች እሷ፣ “ድምፁ ሳይገባ ማንም እጁን አያውጣ።”
በመረቧና በግድግዳው መሐል
የጨረቃ ስባሪ የምታህል ክፍተት ወጣ።

እዚህ ላይ ዐይኔን ጨፈንሁ።

ቁስቋም መውጫ ላይ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ መገጣጠሚያ ነበር፤
ጠገንን፤ ውሃው ደረሰ፤ ሰፈሩ እልል አለ፤ “አፈር
መልሱበት” አልሁ። መሽቶ ነበር።
ዘንጓ መኪናው ላይ ነበረች።
በዓመቱ የእማማ ዝማም ቤት ከመሠረቷ ለቀቀች።
“መሬቱ ነው፤ ድሮም ውሃ ያዝላል” ብዬ ፈርሜ መዝገቡን ዘጋሁ።
እሳቸውም አመኑኝ። ጠላ ቀዱልኝ።
መረቁኝ፤ “አሜን” አልሁ።

“አልተጠጋም፤ አንዴ እንንፋው፣” ስትል ሰማሁ። ቁጥር ጠራች፤
አሥራ ስድስት። አሥራ ስምንት።
ያ ጭብጥ መጣ፣ ቆየ፣ ለቀቀ።
ድምፁ ለሦስተኛ ጊዜ ወረደ፤ ያቺ ስባሪ ጨረቃ ጠለቀች።
እልል ያለ የለም። ጓንት ወለቀ።

“አባባ፣ ምነው እንባ? አመመዎት?” አለ ረዳቷ።
“የለም ልጄ። ዘንጓን ከመኪናው ላላወርድ ስንት ነበር ርቀቷ?”
አልገባውም። ፋሻውን ከአንጓዬ ላይ ጠበቅ አደረገና
ደም እንዳያፈስ ጎንበስ ብሎ አየ፤
እንደገና አየ።